በረዳቸው ወይስ ተመቻቸው? የአቅመ ደካማ አረጋውያንን የሙቀት ምቾት ለማወቅ የትኛው መንገድ ይሻላል

በጥር ወር ነበር። በምሠራበት የሜሪላንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ኮሪደር ላይ የተሰቀለው ቴርሞስታት 74 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ያሳያል። እኔ ከንጋት ጀምሬ ስድስት ሰው አጥቤና አልብሼ ጀርባዬ በላብ ርሷል። አንዲት እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። «እማማ፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» አሉኝ። ቅጹ ላይ «ተመችቷቸዋል» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሻይ ኩባያ ላስይዛቸው እጃቸውን ስይዝ ጣታቸው እንደ ማንኪያው ቀዝቅዟል።

የግድግዳው ቁጥር፣ የእኔ ላብ፣ የእርሳቸው ቃልና የእርሳቸው ጣት ስለ አንድ ጠዋት አራት የተለያየ ነገር ተናገሩ። እኔም ከአራቱ ደካማዎቹን ሦስቱን አምኜ አራተኛውን በአጋጣሚ ነው ያገኘሁት። በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሲያትል፣ በሚኒሶታም ሆነ በቶሮንቶ በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ አሁን ደግሞ የራሳችን እናቶችና አባቶች በእነዚሁ ቤቶች አልጋ መያዝ ጀምረዋል። ስለዚህ የትኛውን መለኪያ መቼ እንደምናምን ማወቅ ለሠራተኛውም ለቤተሰቡም ይጠቅማል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። አረጋዊው ተመችቷቸዋል ወይ? የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። አደጋ ላይ ናቸው ወይ? የሚለው ሌላ ነው። ሰው ሳይመቸው ከአደጋ ሊርቅ፣ ተመችቶኛል እያለም አደጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከታች የማነጻጽራቸው መንገዶች አብዛኞቹ አንዱን ጥያቄ በደንብ ይመልሳሉ፣ ሌላውን ግን አይችሉም። ያየኋቸው ስሕተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ለአንዱ የተሠራውን መለኪያ ለሌላው በመጠቀም የመጡ ናቸው።

የግድግዳው ቁጥር

ተቋማት ቴርሞስታት የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው ቁጥር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 1990 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕውቅና ያገኙ የነርሲንግ ቤቶች ሙቀታቸውን በ71 እና በ81 ዲግሪ ፋራናይት መካከል እንዲጠብቁ ያዛል፤ በሴንቲግሬድ ከ21.7 እስከ 27.2 ግድም ነው። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ዝቅተኛውን 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርጋለች። በተጨማሪም በቤቱ የተለያየ ክፍል በሚገኙ ቢያንስ ሁለት መኝታ ክፍሎችና በየፎቁ ባለ አንድ የጋራ ቦታ፣ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ እንዲሁም ማታ ወይም ሌሊት ተለክቶ እንዲጻፍ ታስገድዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና የጤና መመሪያ በቀዝቃዛ ወቅት 18 ዲግሪን ለአጠቃላይ ሕዝብ የመነሻ ወለል አድርጎ አስቀምጧል፤ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ እንደሚችልም ጠቅሷል።

እነዚህ ቁጥሮች የሚመልሱት የአደጋውን ጥያቄ ነው። እዚያ ላይ ዋጋቸው ትልቅ ነው። ለምቾት ግን 71 እና 81 ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፤ በአንደኛው ብርድ ልብስ የሚሹ፣ በሌላኛው ልብሳቸውን የሚጥሉ ሰዎች በአንድ ኮሪደር ጎን ለጎን ይተኛሉ።

ቁጥሩ የት እንደተለካ ደግሞ ከቁጥሩ በላይ ይናገራል። ያን ቀን ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝቼ በማግሥቱ በእናትዬዋ ወንበር ጎን ላይ አሰርኩት። ኮሪደሩ 74 ሲል እርሱ 66 አለ፤ 19 ሴንቲግሬድ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ከጥቂት ዶላር አይበልጥም፣ ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉኝ ይህን እላለሁ። ለተቀመጠ ሰው ከወለሉ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ለተኛ ሰው በፍራሹ ልክ፣ ፀሐይና ማሞቂያ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ። የሌሊቱን ዝቅተኛና የቀኑን ከፍተኛ ቁጥር የሚያስታውሰውን ዓይነት ፈልጉ። ብርድ የሚገባው ሠራተኛ በሚያንስበትና ሁሉም በሚተኛበት በንጋቱ ሰዓት ነው፤ ጠዋት ገብቶ ያሁኑን ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው ያን አያገኘውም።

የመሐንዲሶቹ ስሌት

ዴንማርካዊው መሐንዲስ ኦሌ ፋንገር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራ፣ የሰው የሙቀት ምቾት በስድስት ነገሮች እንደሚወሰን አሳየ። የአየሩ ሙቀት አንዱ ነው። ከዚያ ከግድግዳና ከመስኮት የሚመጣው የጨረር ሙቀት፣ የአየሩ እንቅስቃሴ፣ እርጥበቱ፣ የተለበሰው ልብስና ሰውነት የሚያመነጨው ሙቀት ይከተላሉ። ቴርሞስታቱ ከስድስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ላይ የእኔ ላብ ምሥጢር ይፈታል። ቁጭ ያለ ጎልማሳ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነቱ ገጽ 58 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህ አንድ ሜት ይባላል። ጋደም ያለ ሰው 0.8 ገደማ ነው። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ሁለት ሜት ይደርሳል፤ ሰው እያነሣና እያዞረ፣ ጋሪ እየገፋ የሚውል የነርስ ረዳት ከዚህም ያልፋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለን ሁለት ሰዎች በምድጃነታችን እኩል አይደለንም። እኔ «ኧረ ሞቀ!» ብዬ ማሞቂያውን የማጠፋው ለራሴ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግር ይስቃሉ፣ ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ካሉት መለኪያዎች ሁሉ የከፋው የተንከባካቢው የራሱ ሰውነት ነው።

የመስኮቱም ነገር እንዲሁ ነው። አየሩ 23 ዲግሪ ሆኖ፣ ከአንድ ወንበር ሲታይ የዙሪያው ገጽታዎች በአማካይ 17 ቢሆኑ፣ ነፋስ በሌለበት ሰውነት የሚሰማው የሁለቱን አማካይ፣ ማለትም 20 ያህሉን ነው። ጀርባውን ለቀዝቃዛ መስታወት የሰጠ ሰው አየሩ ሞቆም ይበርደዋል።

ከስድስቱ ቁጥሮች የፋንገር ስሌት ከሲቀነስ 3 (ብርድ) እስከ ሲደመር 3 (ሙቀት) የሚደርስ አንድ ውጤት ያወጣል፤ የዓለም አቀፍ ደረጃዎች ድርጅት 7730 የተባለው ደረጃም በእርሱ ላይ ቆሟል። ውጤቱ ልክ ዜሮ በሆነበት ምርጥ ክፍል እንኳ ከመቶ 5 ሰው እንደማይመቸው ስሌቱ ራሱ ያምናል። 60 ነዋሪ ባለበት ቤት ይህ ሦስት ሰው ነው፤ እነዚያ ሦስቱ መናገር የማይችሉት ቢሆኑስ? የስሌቱ ዋና መሠረት በሙከራ ክፍል ውስጥ የተጠየቁ ጤናማ ወጣቶች ናቸው። ፋንገር አረጋውያንንም ሞክሮ ምርጫቸው ከወጣቶቹ ብዙም እንደማይለይ አግኝቷል፤ ሆኖም በእግራቸው መጥተው ሙከራ ላይ የሚቀመጡ አረጋውያን ሌላ፣ ክብደታቸው የቀነሰ፣ የደም ዝውውራቸው የደከመ፣ የልብና የአእምሮ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ሌላ።

ሌላው የመሐንዲሶች መንገድ፣ በመስኮት በሚገባ የተፈጥሮ አየር በሚናፈሱ ቤቶች ውስጥ ሰው ከውጭው አየር ጋር ይለማመዳል የሚለው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ማሞቂያ በሌለበት ቤት ዕድሜውን የኖረ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ አስተሳሰቡ ሰውየው መስኮት ይከፍታል፣ ሹራብ ይደርባል፣ ቦታ ይቀይራል ብሎ ይነሣል። ከወንበር መነሣት የማይችል ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም።

ፍርዴ አጭር ነው። ስሌቱ ሕንፃ ለሚሠራ፣ መስኮት ለሚቀይር፣ ማሞቂያ ለሚመርጥ ሰው ይሁን። አልጋ ዳር ለቆመ ሰው የስድስቱን ስም ማወቁ ይበቃዋል፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖ አረጋዊው ከበረዳቸው ከቀሩት አምስቱ ወንጀለኛውን ይፈልግ።

መጠየቅ፤ ግን ምን ብሎ?

ሰው መናገር እስከቻለ ድረስ ስለ ምቾቱ ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለም። ችግር ያለው በጠያቂው በኩል ነው። «ደህና ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰላምታ ነው የሰጠው፤ መልሱም ሰላምታ ይሆናል። «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ»። ይህ ስለ ክፍሉ ምንም አይናገርም። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ፤ «ይህቺ ልጅ ስትሯሯጥ ውላ አሁን በእኔ ምክንያት ትቸገር?» የሚሉ እናት ቢበርዳቸውም አይናገሩም።

በጥናትና በደረጃ ሰነዶች ውስጥ የተለመዱ የጥያቄ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ስሜትን በሰባት እርከን ይጠይቃል፤ ከበጣም ሞቃት እስከ በጣም ቀዝቃዛ። ሁለተኛው ምርጫን ይጠይቃል፤ ሞቅ ይበል፣ ቀዝቀዝ ይበል፣ ወይስ እንዳለ ይሁን? ሦስተኛው ተቀባይነትን ይጠይቃል፤ ይህ ሙቀት ይስማማዎታል ወይስ አይስማማዎትም? ሦስቱንም በሥራ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ፤ ለደከሙ አረጋውያን ሁለተኛው ይበልጣል። ሰባቱ እርከን በወረቀት ያምራል፤ «ጥቂት ቀዝቃዛ» እና «ቀዝቃዛ» መካከል ያለውን ልዩነት ግን ለ88 ዓመት ሰው ማስረዳት ሻዩን ያቀዘቅዘዋል። ሦስተኛውን ይሉኝታ ይበላዋል፤ ሁሉም ይስማማኛል ይላል። ምርጫ ግን ወደ ሥራ ይመራል። እንዲያውም ከዚያም አውርጄ፣ ጋቢውን በእጄ ይዤ፣ «ልጨምርልዎት፣ ላንሳልዎት፣ ወይስ እንዳለ ይሁን?» እላለሁ። ስለ አየር ሁኔታ አስተያየት ከመስጠት ስለ ጋቢ ትእዛዝ መስጠት ይቀላል።

የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሰማውን ቃል መልሶ ይሰጣል። መላው ቀላል ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ጠይቁ። «ላንሳልዎት ወይስ ልጨምርልዎት?» መልሱ ካልተለወጠ ሰውየው ስለ ራሱ ነው የሚናገረው። ከጥያቄው ጋር አብሮ ከተገለበጠ ግን በዚያ ቀን ቃል መለኪያ መሆኑ አብቅቷል፤ ወደ ዓይንና ወደ እጅ እለፉ። ይህ ፈተና ሁለት ደቂቃ አይወስድም፤ የትኛውን መንገድ መምረጥ እንዳለባችሁም በራሱ ይነግራችኋል።

ስለ ቋንቋው ደግሞ ጥቂት ልቆይ፤ እዚህ ላይ አማርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ ከማንም በላይ ይጠቅማል። የመርሳት በሽታ ሲገፋ ብዙዎች ኋላ የለመዱትን ቋንቋ ትተው ወደ አፍ መፍቻቸው ይመለሳሉ፤ አርባ ዓመት እንግሊዝኛ የተናገሩ አባት አንድ ቀን በአማርኛ ብቻ ይናገራሉ። የእኛ ቋንቋ ደግሞ ብርድን በአንድ ቃል አይጠራውም። «በረደኝ» ማለት ብርዱ ከውጭ ነው። «ብርድ ብርድ አለኝ» ማለት ግን ከውስጥ ነው፤ ትኩሳት ሊጀምር ሲል የሚባል ነው። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ሁለቱንም በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲያልፋቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ብርድ ልብስ ያምጣ፤ ሁለተኛውን የሰማ ሰው የሰውነት ሙቀት ይለካና ነርሷን ይጥራ።

«ቁርጥማቴ ተነሣብኝ» የሚሉትም ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ጋር የክፍሉን ቅዝቃዜ እየነገሩን ነው። «ነፋስ ይመታኛል» ሲባል በተለይ ልብ በሉ፤ ነዋሪዋ እያሉ ያሉት ሙቀቱ ሳይሆን የአየሩ እንቅስቃሴ ነው፤ ቴርሞስታቱን ሦስት ዲግሪ ብትጨምሩት አይጠቅማቸውም፤ የአየር ማቀዝቀዣውን አፍ ወደ ሌላ ብታዞሩ ግን ይመርቋችኋል። በሙቀቱም በኩል «ሞቅ አለኝ» ደስታ ነው፤ «ወበቅ ሆነብኝ» ስሞታ ነው። ቅጹ ላይ በእንግሊዝኛ ከመጻፋችሁ በፊት የተባለውን ቃል በራሱ በአማርኛው ጻፉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከዕድሜ ጋር ቆዳ ሙቀትና ቅዝቃዜን የመለየት ኃይሉ ይደክማል። ወጣት ወዲያው የሚያውቀውን የሙቀት ለውጥ አረጋዊ ዘግይተው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ላያውቁት ይችላሉ። ጥማትም እንዲሁ ይቀንሳል። «አልሞቀኝም» የሚለው መልስ ስለዚህ ለምቾት ምስክር ይሁን፤ ለደህንነት ግን ዋስ አይሆንም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ውስጥ አረጋውያን የሚንከባከቡ እህቶቻችን ይህን በተቃራኒው ያውቁታል። ውጭው 45 ዲግሪ ሲነድ፣ ውስጥ ግን ቤተሰቡ የወደደው አየር ማቀዝቀዣ የአሮጊቷን እግር ያደርቀዋል፤ ማንም ስለ ብርድ አይጠይቃቸውም፤ በዚያ አገር ማን ይበርደዋል ተብሎ!

ዓይንና እጅ

ለማይናገሩት ሰዎች የሕመም ባለሙያዎች መንገድ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ፔይናድ የተባለው መመዘኛ በከፍተኛ የመርሳት በሽታ ላሉ ሰዎች አምስት ነገር ያያል። አተነፋፈስ፣ ድምፅ፣ ፊት፣ የሰውነት ሁኔታና ሲያጽናኗቸው መረጋጋት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 10 ይደርሳል። የተሠራው ለሕመም ነው፤ ለሙቀት ቁጥሩን ብትወስዱት ትሳሳታላችሁ። ዘዴውን ግን መዋስ ይቻላል፤ ሁሌ ተመሳሳይ ነገሮችን፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ማየት።

እኔ የማየው ይህን ነው። ክንድ ወደ ደረት ተሰብስቧል? ጉልበት ወደ ሆድ ታጥፏል? እጅ ብብት ሥር ገብቷል? ወይስ ብርድ ልብሱ ተረግጦ ወለል ላይ ነው፣ የሸሚዝ ቁልፍ እየተፈታ ነው፣ እግር ከአንሶላ ውጭ ወጥቷል? ልብስ የሚያወልቁ አረጋዊ በብዙ ቤት «አስቸጋሪ ባሕርይ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ስንቶቹ በወበቅ ታፍነው ይሆን?

የዓይን ድክመቱ፣ አንድ ምልክት ብዙ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። መንቆራጠጥ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ሽንት ቤት መፈለግም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ካልሲ ጨምሩ ወይም አንድ ልብስ አንሡ። ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ሦስት ነገር አንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ምን እንደረዳ አያውቅም። ሌላው ድክመት የበለጠ ያስፈራኛል። በጣም የበረዳቸው አረጋዊ ላይንቀጠቀጡ ይችላሉ፤ ዝም ብለው፣ ንግግራቸው ተጎትቶ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላቸው ይቀመጣሉ። በጣም የሞቃቸውም እንዲሁ ሊደበዝዙና ግራ ሊጋቡ ይችላሉ። የክፍሉ ጸጥተኛ ሰው ሁልጊዜ የተመቸው ሰው አይደለም።

እጅ ከዓይን ይሻላል፣ በትክክለኛው ቦታ ከነካ። ጣት ቶሎ የሚቀዘቅዝ የመጀመሪያ ምስክር ነው፤ ሆኖም የደም ሥር ችግር ወይም የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ጣትና እግር በበጋም ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። ስለዚህ ጣቱን ከክንዱ፣ ክንዱን ደግሞ ከማጅራቱና ከልብሱ ሥር ካለው ሆድ ጋር አነጻጽሩ። ጣት ቀዝቅዞ ሆድ ከሞቀ ካልሲና ጓንት ይበቃል። ሆድ ራሱ ከቀዘቀዘ ነገሩ ከምቾት አልፏል። ማጅራት ላይ ላብ ካለ ልብስ በዝቷል። የምትነኩት በእጃችሁ ጀርባ፣ ያለ ጓንት፣ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃ ሳትታጠቡ ይሁን፤ የቀዘቀዘ እጅ ሁሉን ሰው ትኩስ ያደርገዋል።

የቆዳ ቀለምን በተመለከተ መጻሕፍቱ የሚያስተምሩት «የገረጣ»፣ «ቀይ ያለ» የሚለው ምልክት በእኛ ሰዎች ላይ በቀላሉ አይታይም። መዳፍን፣ ጥፍር ሥርንና የከንፈርን ውስጥ እዩ።

የኢንፍራሬድ መሣሪያዎች

የኢንፍራሬድ ካሜራ ፊትንና እጅን በቀለም እያሳየ፣ ሰውየውን ሳይነካና ሳይቀሰቅስ ያነባል። መናገር ለማይችሉት ይረዳ ይሆን ተብሎ በእንክብካቤ ቤቶች ውስጥ ተሞክሯል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ነገር ግን የሚያየው የቆዳውን ገጽ ነው፤ ቆዳው ከታጠበ፣ ቅባት ከተቀባ፣ ፀሐይ ከመታው ወይም አሁን ከብርድ ልብስ ከወጣ ሌላ ነገር ይናገራል። ጣት ከ30 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው የመቀዝቀዝ ስሜት ይጀምረዋል የሚለው ለጤነኞች ይሠራል፤ ዝውውሩ ለደከመ ሰው ግን ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ከራሱ የትናንት ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ነው። ለምርምር እሰየው። አሥር ሰው በአንድ ፈረቃ ለያዘ ሠራተኛ ግን እጁ ይቀድማል።

ግንባር ላይ የሚደረገው ቴርሞሜትር የሚጠቅመው ስለ ትኩሳት ነው፤ ስለ ምቾት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጥናት የግንባር መለኪያዎች በጥቁር ሕሙማን ላይ፣ በአፍ ከሚለካው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ትኩሳትን ይበልጥ እንደሚስቱ አሳይቷል። «ብርድ ብርድ አለኝ» ላሉ እናት ግንባራቸው ደህና ነው ቢል በአፍ ይደገም። በእንክብካቤ ቤት ለሚኖሩ አረጋውያን በአፍ አንድ ጊዜ ከ37.8 በላይ፣ ወይም ተደጋግሞ ከ37.2 በላይ፣ ወይም ከራሳቸው የዘወትር ቁጥር ከ1.1 ዲግሪ በላይ መጨመር እንደ ትኩሳት ይቆጠራል። ሦስተኛው የሚሠራው የዘወትር ቁጥራቸው ቀድሞ ከተጻፈ ብቻ ነው። በታች በኩል ደግሞ 35 ላይ አስቸኳይ እርዳታ ይጀምራል፤ ዝቅተኛ ቁጥር ማንበብ የሚችል ቴርሞሜትር በቤቱ እንዳለ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ለማን የትኛው?

የሚናገሩና ቃላቸው የማይገለበጥ ከሆነ፣ የጋቢውን ጥያቄ በየፈረቃው ጠይቁ፤ ቴርሞሜትሩ ወንበራቸው አጠገብ ይሁን። ሌላ አያስፈልግም።

የሚናገሩ፣ ግን ቃላቸው የሚገለበጥ ከሆነ፣ ጠይቁ፣ ከዚያ ንኩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ እጁን እመኑ። ቤተሰብን እዚህ ላይ አማክሩ። «አባባ ዕድሜ ልካቸውን በካልሲ ነው የሚተኙት»፣ «እማማ ነጠላ ከራሳቸው አይወርድም» የሚለው ወሬ ከየትኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ቤተሰብ የሚነግራችሁ ልማድን ነው፤ የዛሬውን ስሜት ቤተሰብም አያውቀውም። ልጅ ኮቱን ለብሶ ከውጭ ገብቶ «ኧረ እዚህ ቤት ይሞቃል» ሲል ደግሞ እርሱም እንደ እኔ የተሳሳተ መለኪያ ነው።

ለማይናገሩት ዓይን፣ እጅና የአልጋ ቴርሞሜትር ሦስቱም በአንድነት ይሂዱ። የምትጽፉት አጭር ይሁን። ሰዓቱን፣ የት እንደነበሩ፣ ምን እንደለበሱ፣ ምን እንዳያችሁና ምን እንደቀየራችሁ። «ተመችቷቸዋል» የሚለውን ቃል ተዉት፤ «ጣት ቀዝቃዛ፣ ሆድ ሙቅ፣ ካልሲ ተጨመረ» የሚለው ለሚቀጥለው ፈረቃ ይጠቅማል። የመድኃኒት ለውጥ ካለ አያይዛችሁ ጻፉት፤ የሽንት ማስወጫ፣ የልብ፣ የፊኛና የአእምሮ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የላብና የደም ዝውውር ሥራን ይቀይራሉ።

ኃይለኛ ሙቀት ወይም የመብራት መጥፋት በመጣ ቀን ግን ይህ ሁሉ ምርጫ ይቀራል፤ ያን ቀን ጥያቄው የደህንነት ብቻ ነው፤ የሚገዛውም ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 በፈረንሳይ በደረሰው የሙቀት ማዕበል ወደ 15,000 ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የአረጋውያን ቤቶች ቢያንስ አንድ የቀዘቀዘ ክፍል እንዲኖራቸው ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2017 በፍሎሪዳ የኢርማ አውሎ ነፋስ የአንድ የነርሲንግ ቤት አየር ማቀዝቀዣን አቋርጦ 12 ነዋሪዎች ሞቱ፤ ሆስፒታል ከመንገዱ ማዶ ነበር። ግዛቲቱ ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ ለ96 ሰዓት ከ81 ዲግሪ ፋራናይት ሳይበልጥ የሚያቆይ ጄኔሬተር እንዲኖር አዘዘች። እናታችሁን የምታስገቡበትን ቤት ስትመርጡ ስለ ምግቡና ስለ ጸሎቱ ከጠየቃችሁ በኋላ ስለ ጄኔሬተሩም ጠይቁ፤ የሚያቀዘቅዘው የትኛውን ክፍል እንደሆነም ያሳዩአችሁ።

የመስኮት ሥሯ እናት ወንበር አሁን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ዞሯል፤ ቴርሞሜትሩ 73 ይላል። ባለፈው ሳምንት ጋቢውን ይዤ «ልጨምርልዎት ወይስ ላንሳልዎት?» አልኳቸው። «ጋቢውንስ ተዪው፤ እግሬን ነው ነፋስ የሚመታኝ» አሉኝ። ነፋስ ከየት መጣ ብዬ ጎንበስ አልኩና እጄን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። በበሩ ሥር፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ፣ ቀጭን ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ቴርሞሜትሬን ያሰርኩት 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር።